ሥዕሉን ማን ሠራው? ኤአይ የቀሰቀሰው የአውሮፓ የቆየ ጭቅጭቅ

በየካቲት 2025 ክሪስቲስ የተባለው ታዋቂ አጫራች ድርጅት ኒው ዮርክ ላይ ለየት ያለ ጨረታ ከፈተ። ለሽያጭ የቀረቡት ሥራዎች በሙሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በተለምዶ ኤአይ በምንለው ቴክኖሎጂ፣ የተሠሩ ነበሩ። ጨረታው ይሰረዝ የሚል ደብዳቤ ወጣ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፈረሙበት። አልተሰረዘም። ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ሽያጭ አድርጎ ተዘጋ። ወር ሳይሞላው ደግሞ ቻትጂፒቲ አዲስ የሥዕል መሥሪያ ለቀቀ። ሰዉ ሁሉ የራሱን፣ የልጁን፣ የሠርጉን ፎቶ በጃፓን ካርቱን መልክ እያስቀየረ ይለጥፍ ጀመር። የአማርኛው ፌስቡክና ቲክቶክም ከዚህ አልቀሩም።

ክርክሩም አብሮ መጣ። አንዱ «ይህማ የለየለት ስርቆት ነው» ይላል። ሌላው «ብሩሽም መሣሪያ ነው፣ ኤአይም መሣሪያ ነው፤ ምን ያንጫጫችኋል?» ይላል። ሦስተኛው «ነፍስ የለውም» ብሎ ይዘጋዋል። የሚመላለሱ ይመስላሉ እንጂ አይገናኙም። አንዱ ስለ እንጀራ፣ ሌላው ስለ አሠራር፣ ሌላው ስለ ክብር ነው የሚያወራው።

መደናገሩ የሚጀምረው ከቃላቱ ነው። «ኦሪጅናል»፣ «የራሱ ፈጠራ»፣ «በእጁ የሠራው»፣ «ፊርማው ያለበት» ስንል ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበሩ ነገሮች ይመስሉናል። አልነበሩም። ዛሬ የምንሰጣቸውን ትርጉም ያገኙት በአብዛኛው አውሮፓ ውስጥ ነው፤ ያውም እያንዳንዳቸው በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ ምክንያት። ማሽኑ ያደረገው ነገር ቢኖር አንድ ላይ ታስረው የቆዩትን መፍታት ነው። ስለዚህ እንዴት እንደታሰሩ ማየቱ ይጠቅማል። (ዓመታቱ፣ መጨረሻ ላይ ከሚመጣው የእኛ ዐዋጅ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በወቄት የሚለካ ሰማያዊ

በ1485 ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ የተባለ ሠዓሊ ከአንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ጋር ውል ገባ። የሚሥለው የሰብአ ሰገልን ስግደት ነው። ውሉን ዛሬ የሚያነብ ሰው የቤት ማደሻ ኮንትራት የያዘ ይመስለዋል። ሠዓሊው ቀለሙን በራሱ ወጪ ያቀርባል። ወርቁ እውነተኛ የወርቅ ዱቄት ይሆናል። ሰማያዊው ቀለም ደግሞ ወቄቱ አራት ፍሎሪን ገደማ የሚያወጣው፣ አልትራማሪን የሚባለው ዓይነት መሆን አለበት። ጠቅላላ ክፍያው 115 ፍሎሪን ነው፤ ፍሎሪን የከተማዋ የወርቅ ገንዘብ ነው።

አልትራማሪን የሚወጣው ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚመጣ ላፒስ ላዙሊ የተባለ ድንጋይ ነበር። ከወርቅ ጋር የሚወዳደር ዋጋ ነበረው። ደንበኛው ሠዓሊው በርካሽ ሰማያዊ እንዳይሸውደው ይፈራል። የሚከፍለው በዋናነት ለሚታየው ዕቃ ነውና።

ሠዓሊውም ራሱን እንደ ባለሙያ እንጂ እንደ ነቢይ አያይም። ወርክሾፕ አለው፤ ተለማማጆች አሉት። አንዱ ቀለም ይፈጫል፣ አንዱ ልብስ ይሥላል፣ አንዱ ከበስተጀርባ ያለውን ተራራ ይሞላል። ፊቱንና እጁን ብዙ ጊዜ ጌታው ይጨርሰዋል። ፍሎረንስ ውስጥ ሠዓሊዎች የታቀፉት በሐኪሞችና በመድኃኒት ቀማሚዎች የሙያ ማኅበር ውስጥ ነበር። ቀለም የሚሸጠው መድኃኒት ቤት ስለነበር ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

ለውጡ ግን ጀምሮ ነበር። ከዚያ ውል 40 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1445፣ ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ በትውልድ ከተማው ለሚሠራው ሥዕል የገባው ውል ከእሱ ከራሱ በቀር ሌላ ሠዓሊ ብሩሽ እንዳያነሳበት ይከለክላል። ከዕቃው ሌላ እጁም መሸጥ ጀመረ ማለት ነው። በ1550 ደግሞ ጆርጆ ቫሳሪ የሠዓሊዎችን የሕይወት ታሪክ ሰብስቦ አሳተመ። እስከዚያ ድረስ ገድል የሚጻፈው በአብዛኛው ለቅዱሳንና ለነገሥታት ነበር፤ አሁን ቀለም ለሚቀቡም ተጻፈላቸው።

ፊርማው ንብረት ሲሆን

ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር በእንጨት ላይ ቀርጾ የሚያትማቸውን ሥዕሎች በስሙ ሁለት መነሻ ፊደላት ምልክት ያደርግባቸው ነበር። ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የተባለ ጣሊያናዊ እነዚህን ሥዕሎች ቀድቶ፣ ምልክቱን ሳይቀር አስገብቶ ሸጠ። ቫሳሪ እንደሚተርከው ዱረር ቬኒስ ድረስ ሄዶ ከሰሰ። የተሰጠው ውሳኔ ዛሬም የሚያስገርም ነው። ሥዕሉን መቅዳት አልተከለከለም። የተከለከለው ምልክቱን መጠቀም ነው። ችግሩ ገዢውን ማታለሉ ነው እንደማለት። ይህችን ውሳኔ እናቆያት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ቀጥሎ ሕጉ መጣ። በእንግሊዝ በ1710 መጽሐፍን፣ በ1735 ደግሞ የኅትመት ሥዕልን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ሁለተኛውን የጎተጎተው ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት ነው። ሥዕሎቹን ሌሎች እየቀዱ በርካሽ ሲሸጡበት ተማሮ ነበር። ሕጉ ለ14 ዓመት ጥበቃ ሰጠ።

የሊቅነት ፍልስፍና የመጣው ከዚህ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ያንግ በ1759 እውነተኛ የፈጠራ ሥራ እንደ ተክል ከውስጥ ይበቅላል እንጂ እንደ ዕቃ አይገጣጠምም ብሎ ጻፈ። ኢማኑኤል ካንት በ1790 ሊቅነትን ለጥበብ ደንብ የሚሰጥ የተፈጥሮ ስጦታ አድርጎ ተረጎመው። ሊቁ ራሱ እንዴት እንደሠራው ማስረዳት አይችልም፤ ስለዚህ አይማሩትም፣ አይቀዱትም። ዛሬ «ነፍስ የለውም» የሚለው ተከራካሪ ሳያውቀው የሚጠቅሰው እነዚህን ሰዎች ነው።

አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ይህን ሁሉ ለገበያ ይሰጡታል። ገዢው ከአንድ መኳንንት ወደ ብዙ ሕዝብ ሲቀየር ስም እንደ ንግድ ምልክት አስፈለገ ይላሉ። እውነት አለው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ሰዎች በሁለት እጆች መካከል ያለውን ልዩነት በዓይናቸው ያዩ ነበር። ገበያው ያንን ልዩነት ከምንም አልፈጠረውም፤ አገነነው እንጂ። ምን ያህል እንዳገነነው ለማየት «ሳልቫቶር ሙንዲ» የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል ማስታወስ ይበቃል። በ1958 ለንደን ውስጥ በ45 ፓውንድ ተሸጠ። ከዚያ ታጠበ፣ ታደሰ፣ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው ተባለ። በ2017 በ450 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ምን ያህሉ የሊዮናርዶ እጅ እንደሆነ ባለሙያዎች ዛሬም አልተስማሙም።

ከደጋ እስጢፋኖስ እስከ መቅደላ

ስምና ሥዕል እንደዚህ ባይተሳሰሩስ? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጣና ሐይቅ፣ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለ አንድ የእመቤታችን ሥዕል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ፍሬ ጽዮን የተባለ ሠዓሊ እንደሠራው ተጽፎበታል። ስሙ ግን ብቻውን አልቆመም። «ኃጥኡ» የሚል ተከትሎታል። ይህ እንደ ዱረር ምልክት ገዢን የሚጠራ ፊርማ አይደለም፤ ጸሎት የሚለምን ፊርማ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የኵርዓተ ርእሱ ታሪክ ነው። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳየው ይህ ሥዕል ከአውሮፓ የመጣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ ነበር። መኳንንት ይምሉበት ነበር። በ1744 የዳግማዊ ኢያሱ ጦር በስናር ዘመቻ ሲሸነፍ ሥዕሉ ተማረከ፤ ኋላም በገንዘብ ተዋጅቶ ተመለሰ። በ1868 መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲወድቁ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው። ለሙዚየሙም አላስረከበው፤ ለራሱ አስቀረው። በ1917 ለንደን ላይ በጨረታ ተሸጠ። በኋላ ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ።

አውሮፓ ሲደርስ የተነሳው ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚል ነው። ፍሌሚሽ ነው? ፖርቱጋላዊ ነው? የእገሌ ነው ወይስ የእገሌ ደቀ መዝሙር? ጎንደር ላይ ሥዕሉን ያስከበረው ይህ አልነበረም። የሚሸከሙት፣ የሚምሉበት፣ ተማርኮ ሲሄድ የሚያለቅሱለት ሰዎች ናቸው ዋጋ የሰጡት። የሠዓሊው ስም ባይታወቅም መቅደላ ላይ የሆነው ዘረፋ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ባለቤትነት ያለ ደራሲም ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ የአውሮፓ የቅጂ መብት ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ብዙም ቃል የለውም።

ሠዓሊዎች ያመጹበት ዓመት

አሁን ወደ ማሽኑ እንቅረብ። የመጀመሪያው ማሽን ኤአይ አይደለም፤ ካሜራ ነው። በ1839 ፓሪስ ላይ ዳጌር የተባለ ሰው የፈለሰፈው ፎቶግራፍ ይፋ ሆነ። ሃያ ዓመት ቆይቶ ገጣሚው ቦድሌር ፎቶግራፍን አጥብቆ ተቸ። የሳይንስና የጥበብ አገልጋይ ሆኖ ይቀመጥ፣ ወደ ምናብ ግዛት ከገባ ግን ጉድ ይፈላል የሚል ነበር ሐሳቡ። ዛሬ ስለ ኤአይ የሚጻፈውን ያነበበ ሰው ዘመኑ ይምታታበታል።

በጣም የሚያስተምረው ግን የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው። ሜየርና ፒዬርሶን የተባሉ የፓሪስ ፎቶ አንሺዎች የጣሊያኑን መሪ የካቩርን ፎቶ አንስተው ነበር። ሌሎች ፎቶ ቤቶች ቀድተው ቸበቸቡት። እነሜየር ከሰሱ። ችግሩ፣ የፈረንሳይ ሕግ የሚጠብቀው የጥበብ ሥራን ነው። ፎቶ ደግሞ ጥበብ ነው ወይ? ጠበቃቸው ካሜራውን ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ሰው አሳየ። ብርሃኑን የሚመርጠው፣ አቋቋሙን የሚያስተካክለው፣ ምስሉን አስቀድሞ በአእምሮው የሚያየው ሰው ነው አለ። መጀመሪያ ተሸነፉ። በ1862 በይግባኝ አሸነፉ። አንግርን የመሳሰሉ የዘመኑ ስመ ጥር ሠዓሊዎች ፎቶግራፍ ከጥበብ ጋር እንዳይቆጠር የሚቃወም ፊርማ አሰባሰቡ። የሰማቸው የለም።

ኪሳራው እውነተኛ ነበር። በእጅ ትንንሽ የፊት ሥዕል እየሠሩ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ገበያቸው ተሟጠጠ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ፎቶ አንሺ ሆኑ። ሥዕል ግን አልሞተም። በ1874 ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓሊዎች የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን ያሳዩት ናዳር የተባለው ፎቶ አንሺ ለቆት በሄደው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። መልክን በትክክል መገልበጡን ለካሜራ ትተው፣ እነሱ ብርሃንና ጊዜን ማሳደድ ጀመሩ።

የኤአይ ደጋፊዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል። «ያኔም ተንጫጩ፣ ያኔም ዓለም አልጠፋችም» ይላሉ። ንጽጽሩ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ቦታ አይደለም። ካሜራ ፎቶ ለማንሳት የአንግር ሥዕል አያስፈልገውም። ፊት ለፊቱ ሰውና ብርሃን ካለ በቂው ነው። ኤአይ ግን የሚሠራው ከሠዓሊዎች ሥራ ነው።

ማሽኑ ምን ይበላል?

አሠራሩን በቀላሉ እንየው። ሥዕሎችና መግለጫቸው በብዛት ይሰበሰባል። ላዮን የተባለው ታዋቂ ስብስብ ከኢንተርኔት የተለቀሙ ወደ 5.85 ቢሊዮን የሚጠጉ የሥዕልና የጽሑፍ ጥንዶች ነበሩት። ለስልጠና እያንዳንዱ ሥዕል ቀስ በቀስ በነጠብጣብ ይሸፈናል። የድሮ ቲቪ አንቴናው ሲበላሽ የሚያሳየውን ብናኝ ያስታውሷል። ማሽኑ የሚማረው ብናኙን እየጠረጉ ወደ ሥዕሉ መመለስን ነው። ቢሊዮን ጊዜ ከተለማመደ በኋላ ንጹሕ ብናኝ ይሰጠዋል፣ ከጎኑም አንድ የጽሑፍ ትእዛዝ። በትእዛዙ እየተመራ ብናኙን ይጠርጋል፤ ያልነበረ ሥዕል ይወጣል።

ስለዚህ «ቆርጦ ይለጥፋል» የሚለው ትችት ትክክል አይደለም። ሥዕሎቹን እንደ አልበም አያስቀምጥም። በሌላ በኩል «ምንም አይቀዳም» ማለትም አይቻልም። በስብስቡ ውስጥ ደጋግመው የገቡ አንዳንድ ምስሎችን ቁርጥ አድርጎ መልሶ ሊያወጣ እንደሚችል ተመራማሪዎች በ2023 አሳይተዋል።

ፖላንዳዊው ግሬግ ሩትኮቭስኪ ድራጎንና ጦረኛ የሚሥል የዲጂታል ሠዓሊ ነው። በ2022 ስሙ በማሽኖቹ ትእዛዝ ውስጥ በብዛት ከሚጻፉት አንዱ ሆነ። ሰዎች «በሩትኮቭስኪ ስልት» ብለው ይጽፋሉ፤ ማሽኑ ያወጣል። እሱ ግን ኢንተርኔት ላይ ስሙን ሲፈልግ የራሱ ያልሆነ ሥዕል ይመጣበት ጀመር።

አሁን የቬኒስን ውሳኔ እናስታውስ። ዱረርን መቅዳት ይፈቀዳል፣ ስሙን መጠቀም አይፈቀድም። ዛሬም የቅጂ መብት ሕግ የተወሰነን ሥራ እንጂ ስልትን አይጠብቅም፤ የሩትኮቭስኪን ዓይነት ድራጎን መሣል ለማንም ክፍት ነው። የስሙ ቦታ ግን ተገለበጠ። ያኔ ስሙ ሥራው ካለቀ በኋላ ይለጠፍና ገዢውን ያታልል ነበር። አሁን ሥራው ሳይጀመር ይጻፋል። ሲያልቅ የትም አይታይም። ማንም አልተታለለም፤ ግን ስሙ ሠርቷል፣ የስሙ ባለቤትም አልተከፈለውም። ነባሩ ሕግ የተሠራው ለመጀመሪያው ዓይነት በደል ነው፤ ለሁለተኛው ገና ቁና እየፈለገ ነው።

ግርማ ሞገስ የት ሄደ?

«ነፍስ የለውም» ወደሚለው እንመለስ። ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ያየው የበርሊኑ አይሁዳዊ ዋልተር ቤንያሚን ነው። ከናዚዎች ሸሽቶ ፓሪስ ሲኖር በ1935 ስለ ጥበብና ማባዣ መሣሪያ አንድ ድርሰት ጽፎ በዓመቱ አሳተመ። በ1940 ከፈረንሳይ ሲሸሽ የስፔን ድንበር ላይ ሕይወቱ አለፈ።

ቤንያሚን አንድ ሥራ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ሆኖ በመገኘቱ የሚያገኘውን ነገር «ኦራ» ብሎ ጠራው። በአማርኛ «ግርማ ሞገስ» ብንለው ሩቅ አንሄድም፤ እንዲያውም ከራሱ ቃል የተሻለ ይመስለኛል። በእሱ አስተያየት ሥዕል ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። አንዱ የአምልኮ ዋጋ ነው፤ ሥዕሉ መኖሩ ይበቃል፣ መታየቱ ግዴታ አይደለም። በመጋረጃ ተሸፍኖ በበዓል ቀን ብቻ የሚገለጥ ሥዕል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ድርሰት አያስፈልገውም። ሌላው የመታየት ዋጋ ነው። ፎቶና ፊልም ሁለተኛውን አብዝተው የመጀመሪያውን ያሟጥጣሉ አለ።

ብዙ ሰው ቤንያሚንን እንደ አልቃሽ ይጠቅሰዋል። ስህተት ነው። ግርማ ሞገስ መጥፋቱ ጥበብን ከጥቂቶች እጅ ሊያወጣው ይችላል ብሎ ተስፋም አድርጎ ነበር። የፈራው ያንን ግርማ በሰው ሠራሽ መንገድ መልሶ ለሥልጣን የሚያውለውን ፖለቲካ ነው። ፊት ለፊቱ ሂትለር ነበራ።

አንድ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አልያዘለትም። ማባዛት ግርማ ሞገስን ብዙ ጊዜ ጨመረው። በነሐሴ 1911 ሞናሊዛ ከሉቭር ሙዚየም ተሰረቀች። ጋዜጦች ምስሏን በየቀኑ አተሙ። ሰዎች ባዶውን ግድግዳ ለማየት ተሰለፉ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ ፍሎረንስ ስትገኝ ዝናዋ ሌላ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ዛሬም ሞናሊዛ ፊት ቆሞ ስልኩን የሚያወጣው ጎብኚ የሚያነሳው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ያየውን ምስል ነው። ቅጂው በበዛ ቁጥር «ዋናዋን አየሁ» ማለት ይከብራል። ኤአይ ርካሽ ምስል ባጥለቀለቀው ዓለም በእጅ የተሠራ ነገር ዋጋው ሊጨምር ይችላል የሚሉ ሰዎች መሠረታቸው ይህ ነው። ይህ ግን የሚጠቅመው ቀድሞውንም ስም ያላቸውን ጥቂቶች እንደሆነ ልብ ማለት ያሻል።

ቬርሜር ያልሠራው ቬርሜር

ነፍስ በዓይን ይታያል ለሚሉ ደግሞ አንድ የሆላንድ ታሪክ አለ። ሃን ፋን ሜህረን የተባለ ሠዓሊ ነበር። ተቺዎች ያን ያህል አላከበሩትም። እሱም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ በዮሐንስ ቬርሜር ስም ፎርጂድ መሥራት ጀመረ። ያረጀ ሸራ ይገዛል፣ ቀለሙን በዘመኑ ፕላስቲክ ከሚሠራበት ኬሚካል ጋር ያዋህዳል፣ ምድጃ ውስጥ ያደርቀዋል። በ1937 የክርስቶስን የኤማሁስ ማዕድ ሠርቶ አቀረበ። ቬርሜርን ከሁሉ በላይ ያውቃሉ የሚባሉት አብርሃም ብሬዲዩስ ከድንቅ ሥራዎቹ አንዱ ነው ብለው መሰከሩ። ከ500 ሺህ ጊልደር በላይ ተከፍሎበት ሮተርዳም ሙዚየም ገባ። ሰው ፊቱ ቆሞ ተመሰጠ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ሌላ «ቬርሜር» በናዚው ባለሥልጣን በኸርማን ጎሪንግ እጅ ተገኘ። ዱካው ወደ ፋን ሜህረን መራ። የአገር ቅርስ ለጠላት በመሸጥ ተያዘ፤ ከባድ ወንጀል ነው። በኋላ ተናዘዘ። ቬርሜር አይደለም፣ እኔ ነኝ የሠራሁት አለ። አላመኑትም! እስር ላይ እያለ ምስክር ባለበት አንድ አዲስ «ቬርሜር» ሠርቶ አሳያቸው። በ1947 በማታለል አንድ ዓመት ተፈረደበት፤ ቅጣቱን ሳይጀምር ዓመቱ ሳያልቅ ሞተ።

ሥዕሉ ከኑዛዜው በፊትና በኋላ ያው ሥዕል ነው። አንድ ነጥብ አልተቀየረበትም። ያደረበት «ነፍስ» ግን በአንድ ቀን ወጣ። ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ትምህርቶች ይወሰዳሉ። አንደኛው፣ ነፍስ የምንለው ነገር ከስያሜው የመጣ ነው፤ ሰው ሳያውቅ የኤአይ ሥዕል ቢያሳዩትም ይመሰጣል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሥዕል ከመልኩ በላይ የአንድ ሰው ድርጊት ነው፤ ድርጊቱን በተመለከተ ከዋሸኸኝ የሰጠኸኝ ሌላ ነገር ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያስኬዳል ብዬ አስባለሁ። የሮተርዳም ጎብኚዎች የተናደዱት ሥዕሉ አስቀያሚ ስለሆነ አልነበረም፤ ከማን ጋር እንዳወሩ ስለተዋሹ ነው። በዚህ መንገድ ካየነው የኤአይ ሥዕል «በኤአይ የተሠራ ነው» ተብሎ እስከቀረበ ድረስ ፎርጂድ አይደለም። ሳይባል ሲቀር ነው ነገሩ የሚገማው።

ሕጉ የት ቆመ?

ክርክሮቹን ለያይተን ብንይዛቸው መልሳቸው የሚገኝበት ቦታ ይለያያል። «ጥበብ ነው ወይ?» የሚለውን ማንም ፍርድ ቤት አይዘጋውም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻም በ1917 ከሱቅ የገዛውን የሽንት ገንዳ በሐሰት ስም ፈርሞ ለኤግዚቢሽን ካስገባ ጀምሮ «መምረጥም መሥራት ነው» የሚለው ሐሳብ ቦታ አለው፤ ለማሽኑ ትእዛዝ የሚጽፈውም ሰው ይህን ይጠቅሳል። ይከራከሩ። ስለ ማታለልና ስለ እንጀራ ግን ሕግ የሚለው ነገር አለ።

ስለ ማታለል፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያጸደቀው የኤአይ ሕግ በማሽን የተሠራ ምስል እንዲለይ፣ ሠሪዎቹም ማሽኑ በምን እንደሠለጠነ በጥቅሉ እንዲገልጹ ያዛል። ስለ ባለመብቱ ማንነት አገሮች አልተስማሙም። አሜሪካ ውስጥ በመጋቢት 2025 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደራሲ ሰው መሆን አለበት ብሎ ወሰነ፤ ማሽን ብቻውን ያወጣው ሥዕል ጥበቃ የለውም። እንግሊዝ ግን የዛሬው ዓይነት ኤአይ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1988፣ ኮምፒውተር ለሠራው ሥራ መብቱን ሁኔታውን ላመቻቸው ሰው የሚሰጥ አንቀጽ አውጥታ ነበር። ሠዓሊዎቹ ሥራችን ያለ ፈቃድ ለስልጠና ዋለ ብለው ያቀረቡት ክስ ደግሞ በየአገሩ የተለያየ ፍርድ እያገኘ ነው።

የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን ሲተረጉም በአእምሮው ያፈለቀውን ሰው ነው የሚለው። ጥበቃው አመንጪው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ሕይወትና ሞት ያለው አካል ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ያልታሰበበት ጣጣ አለ። አንድ አሳታሚ ለመጽሐፍ ሽፋን ለሠዓሊ ከመክፈል ብሎ በደቂቃ ከማሽን ያወጣል። አንድ ሙዚቀኛ የአልበሙን ምስል፣ አንድ ካፌ ሎጎውን እንዲሁ ያሠራል። ወጪው ዜሮ ነው፤ ደስ ይላል። በዚህ ትርጉም ከሄድን ግን ምስሉ አመንጪ የለውም፤ አመንጪ ከሌለው የሚጠብቀው የቅጂ መብትም የለም። በነጋታው ተፎካካሪው ያንኑ ሽፋን አንስቶ በራሱ መጽሐፍ ላይ ቢለጥፈው፣ አሳታሚው ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኛው «ሥዕሉን ማን ሠራው?» ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው።